ሊሾ ላይ ቆስጣ

መስከረም 18 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

መስቀል ትናንት ነበር። ዝናቡ ያለቀለት ይመስላል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጥርት ብሏል። ከዓመት ዓመት "ዘንድሮ እጀምራለሁ" ስል የኖርኩትን ነገር ዛሬ ጀመርኩ። ጀመርኩ ስል ሜትርና ጠመኔ ይዤ ግቢ ወጣሁ ማለቴ ነው።

ግቢያችን ቀበና ነው። ከአራት ኪሎ ቁልቁል በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ በር ይገባበታል። መሬቱ ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭቃ አይወድም ነበር። አንድ ክረምት ተነሳና አፈር የሚባል ነገር እንዳይታይ አድርጎ ደፈነው። ከዚያ በኋላ የተረፈን አረንጓዴ ነገር እማዬ በቀለም ባልዲ የተከለቻቸው ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ናቸው። ሊሾውን እንስበረው ብዬ ነበር። እማዬ "የአባትሽን እጅ ሥራ?" ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። አለቀ። ስለዚህ ያለኝ አማራጭ አንድ ነው፤ ሊሾው ላይ የጣውላ ሳጥን አስቀምጦ አፈር መሙላት። ከፍ ያለ መደብ ማለት እሱ ነው።

ምን አስጀመረሽ ካላችሁኝ፣ ሰላጣ። በወንዞቻችን ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚጠጣ የከተማው ሰው ያውቀዋል። የቀበና ወንዝ ከሰፈራችን በታች ነው የሚያልፈው፤ ሽታውን እየሳብኩ ነው ያደግኩት። ያ ውሃ ቁልቁል ወርዶ አቃቂ ይገባል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ በለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳገኙ ደጋግመው ጽፈዋል። በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጠብ ጀርሙን ይቀንስ ይሆናል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በሌማት ትሩፋት ምክንያት የጓሮ አትክልት ወሬ ከቴሌቪዥን አይጠፋም። የሚታየው ግን ሁሌም ጓሮ ያለው ሰው ነው። እኛ የሊሾ ሰዎችስ?

ጠመኔው ለጥላ ነው። በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት እየወጣሁ የጥላውን ጠርዝ ሊሾው ላይ አሰመርኩ። በደቡብ በኩል ያለው አጥር 2 ሜትር ተኩል ቁመት አለው። ቀን 6 ሰዓት ላይ የጣለው ጥላ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። "ኧረ ይሄማ ምንም አይደል" አልኩ። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መስከረም 19፣ እሁድ

ከእማዬ ጋር የቦታ ድርድር።

"በርበሬ የት ሊሰጣ ነው? ድንኳንስ የት ሊጣል ነው?"

"ማን ሊሞት ነው ድንኳን የምንጥለው?"

"ክፉ አትጥሪ! ሰርግ የለም እንዴ?"

ይቺ ለኔ የተወረወረች ናት። ሳልሰማ አለፍኩ።

ስምምነቱ ይህን ይመስላል። ሁለት መደብ። እያንዳንዱ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር። አንዱ ግቢው መሐል ከሮቶው አጠገብ፤ ሁለተኛው ከደቡቡ አጥር 60 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። የበርበሬ ማስጫው አይነካም። ወርዱን ከአንድ ሜትር ያላሳለፍኩት በክንዴ ለክቼ ነው። ከሁለቱም ወገን ቆሜ መሐሉን መንካት አለብኝ። መደብ ውስጥ ገብቶ አፈር መርገጥ ከተጀመረ የሳጥኑ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል።

መስከረም 22፣ ረቡዕ

ከሥራ ወጥቼ ከካዛንቺስ በቀጥታ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። እዚያ የማይገኝ ነገር የለም። የማይጠየቅ ዋጋም የለም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ድረስ መቀየሩ አይቀርም።

የፈለግኩት ከፈረሰ ቤት የወጣ የወለል ጣውላ ነው። የድሮ ቤት ወለል ደረቅ ነው፤ መጣመም ያለበት ሁሉ ጠሞ ጨርሷል። ሻጩ የሚያሳየኝን ሁሉ "ጽድ ነው እህቴ፣ ጽድ ነው" ይላል። የጽድ ጥቅሙ እርጥበት ችሎ ቶሎ አለመበስበሱ ነው። ባሕር ዛፍ ግን እርጥብ አፈር ሲነካው ዕድሜው አጭር ነው። ቁልፌን አውጥቼ አንዱን ጫፉ ላይ ፋቅ ፋቅ አደረግኩና አሸተትኩት። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ጽድ እውነትም የእርሳስ እንጨት ነው። ሌላውን ፋቅኩ፤ ምንም። ሌላውን፤ ምንም። ሻጩ እየሳቀ "አናጢ ነሽ እንዴ?" አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ አላልኩትም፤ ዋጋ ይጨምርብኛል።

ለአንድ መደብ ባለ 2 ሜትር ጣውላ ስድስት ያስፈልጋል፤ አራቱ ለጎኖቹ፣ ሁለቱ ለሁለት ተቆርጠው ለራስጌና ለግርጌ። ከአሥራ ሁለቱ የጽድ ሽታ ያላቸው ስድስት ብቻ ሆኑ። የቀሩት ባሕር ዛፍ ናቸው። ቀለም የተቀባውን ሁሉ ትቼ መጣሁ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ከወንዙ ብረት ሸሽቼ የጣውላ ብረት ልበላ አይደለም።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

አናጢው ለግማሽ ቀን መጣ። ሰፈር ውስጥ የታወቀ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ። መጋዙን እሱ ያዘ፣ መዶሻውን እኔ።

ማዕዘኑን በሲባጎ አወጣነው። ከጥግ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው ጎን 80 ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። የግንበኞች ዘዴ ናት።

ጽድ ደረቅ ስለሆነ ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ጣውላ ጫፉ ላይ ጣ! ብሎ ተከፈለ። አናጢው ሚስማሩን ከእጄ ወሰደ። ገልብጦ ጭንቅላቱን ሊሾው ላይ አቆመ፣ ሹሉን በመዶሻ ሁለቴ ቀስ ብሎ መታው። ሹሉ ደነዘ። "አሁን ምቺ" አለኝ። ገባ፤ ምንም አልተሰነጠቀም። ሹል ሚስማር እንጨቱን ፈልቅቆ ነው የሚገባው፤ የደነዘ ግን እየሰበረ መንገዱን ይከፍታል። ይቺን ዘዴ ለመማር ብቻ የግማሽ ቀን ሒሳብ መክፈል ያዋጣል።

ሁለት ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። አንደኛ፣ ጣውላው እንዳይበሰብስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባው አለ። ለአጥር ቋሚ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ለሚበላ ነገር ግን አይሆንም፤ ዘይቱ ወደ አፈሩ ይገባል። በሱ ፈንታ ጎን ጎኑን ከውስጥ በላስቲክ ለበጥነው። ላስቲኩ እንዳይቀደድ ከእያንዳንዷ ትንሽ ሚስማር ሥር የለስላሳ ቆርኪ አደረግን። ከታች ላስቲክ የለም፤ ውሃው መውጣት አለበት።

ሁለተኛ፣ በረጅሙ ጎን መሐል ላይ ተጨማሪ ሞራሌ፣ ማለትም ጣውላውን የሚደግፍ ቋሚ እንጨት፣ እናቁም አለ። "አፈር ይገፋል እህቴ" አለኝ። አራቱ ማዕዘን ላይ ሞራሌ አለ፣ ምን ያደርጋል ብዬ እምቢ አልኩ። የቆጠብኩት ሞራሌ ሁለት ሜትር አይሞላም።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ሳጥኑ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሥራው አፈሩ ነው።

አዲስ አበባ መሐል ላይ አፈር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? በየመንገዱ ቁፋሮ ነው፣ በየቦታው የአፈር ክምር ነው፤ ግን የሚተከልበት አፈር የለም። ከመሠረት ቁፋሮ የሚወጣው የሥር አፈር ነው። ሕይወት የሌለው፣ የተጫነ፣ ብስኩት የመሰለ ነገር። አንድ የገልባጭ ሹፌር "በነጻ ላራግፍልሽ" አለኝ። ነጻ የሚለው ቃል ልቤን አማለለው፤ ግን መጀመሪያ በፌስታል ናሙና ወሰድኩ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ቤት እያስገነባች ነው። ከቁፋሮው የላይኛውን አንድ ስንዝር አፈር ለብቻ እንዲያስቀምጡልኝ ለምኜ ከዚያም ናሙና አመጣሁ።

ሁለት የማር ጠርሙስ አጠብኩ። እያንዳንዱን እስከ ሲሶው አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞላሁ። ክዳኑን አጥብቄ እጄ እስኪዝል ናጥኩት። ከዚያ መስኮት ላይ አስቀምጦ አለመንካት ነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደቃቁ አፈር ሰዓታት ይወስዳል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ ይንሳፈፋል። ጠዋት ስነሳ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። የሹፌሩ ጥቁር አፈር ከታች የጥፍር ውፍረት አሸዋ አለው፤ የቀረው ሁሉ ሸክላ ነው፣ ውሃውም ገና እንደ አተላ ደፍርሷል። የሽሮ ሜዳው ቀይ አፈር ሦስት ንብብር ሠርቷል፤ አንድ ጣት አሸዋ፣ አንድ ጣት ተኩል ደቃቅ፣ ሁለት ጣት ሸክላ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ የቅጠል ብስባሽ።

ወደ ቦሌና አቃቂ ሜዳው ጥቁር ነው፣ ወደ እንጦጦ ሥር ይቀላል። ጥቁሩ ለጤፍ የተባረከ ነው። ሳጥን ውስጥ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የካሮት ሥር ያጣምማል። ሹፌሩን አመስግኜ ሸኘሁት። ሙሉ ገልባጭ አራግፎብኝ ቢሆን እማዬ እኔንም አብራ ነበር የምትጥለኝ።

ፍግ ከላም አርቢዎች በጆንያ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቤት ጆንያ ውስጥ እጄን ስከት ይሞቃል። የሚሞቅ ፍግ ገና አልበሰለም፤ ሥር ያቃጥላል። ሁለተኛው ቤት አንድ ክረምት ሙሉ የከረመ ክምር ነበራቸው። ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ በእጅ ሲያሹት የሚፈረፈር። ሽታው የፍግ አይደለም፣ ዝናብ የነካው አፈር ነው። ስምንት ጆንያ ያዝኩ።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ፒክአፑ ቅያሳችን ውስጥ አይገባም። የመጨረሻዋን ሰማንያ ሜትር በእጅ ጋሪ ሆነ። የግቢው ልጅ ማሙሽ ቆጣሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ደመወዙ አንድ ብስኩት።

መለኪያችን አንገቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። 2 በ1 በ0.4 ሲባዛ 0.8 ሜትር ኩብ ይመጣል። 800 ሊትር ማለት ነው፤ 40 ጄሪካን። ከታች 5 ጄሪካን ጠጠር። በላዩ 10 ጄሪካን ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ረግጠን አስገባን፤ ይበሰብሳል፣ አፈርም ይቆጥባል። የቀረው 25 ድብልቅ ነው፤ 13 ቀይ አፈር፣ 8 ፍግ፣ 4 አሸዋ።

የመጀመሪያው መደብ በዚህ ሥርዓት ሞላ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ አሸዋው አለቀ። ደክሞኛል፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። አናጢው የተወው ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ ጥግ ላይ አለ። "አፈሩን እንዲያላላው ምን ይለያል?" ብዬ በአሸዋው ፈንታ 4 ጄሪካን ሰጋቱራ ቀላቀልኩ።

ማሙሽ ሰማንያ ብሎ ጨረሰ። ወገቤ የኔ አልመስል አለኝ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ውሃ ጠጥተው ያደሩ መደቦች ዛሬ ጠዋት ሆድ አወጡ። በተለይ ሁለተኛው፣ የባሕር ዛፉ፣ የስምንት ወር እርጉዝ መስሏል። እርጥብ አፈር ከግማሽ ቶን በላይ ነው፤ 2 ሜትር ጣውላ ብቻውን አይችለውም። አናጢው በበሩ ሲያልፍ አየውና ምንም አላለም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔው ጥቁር ሽቦ ሆነ። ከላይኛው ጣውላ መሐል ላይ ትይዩ ቀዳዳ በስቼ፣ ሽቦውን እጥፍ አድርጌ በመደቡ ውስጥ አሻግሬ ከውጭ በእንጨት ቁራጭ አሰርኩት። ከዚያ መሐሉ ላይ ረጅም ሚስማር አስገብቼ ማዞር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሽቦው ጭጭጭ እያለ ይጠብቃል። በስምንተኛው ዙር ጣውላው እያቃሰተ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፤ ትንሽ ቦርጭ ቀርቶታል። ሞራሌውን ቀድሞ ማቆም ይሻል ነበር።

ሌላም አለ። ከጠጠሩ ሥር የሚወጣው ቡናማ ውሃ በሊሾው ቁልቁለት እየተንከባለለ ከእማማ በር ደረሰ። እማማ የግቢው ታላቅ ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጥተው "ልጄ፣ ሻይ ነው የምታፈሺብኝ?" አሉኝ። ቀልደው ነው፤ ግን ቀልዳቸው እንዳይደገም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ማታውኑ በአንድ አካፋ ሲሚንቶ ሁለት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ አበጅቼ ውሃውን ወደ ቦዩ መለስኩት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዘራሁ።

በመጀመሪያው መደብ ግማሹ ቆስጣ፣ ግማሹ ካሮት። የቆስጣ ዘር አንድ ፍሬ የምትመስለው ብዙ ዘር የተጣበቀባት ናት፤ ከአንዷ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አሥራ ሁለት ቦታ ቀበርኩት። ካሮት በችግኝ አይሆንም፤ ሥሩ ከተነካ ይነጣጠላል። እዚያው መስመር ላይ በትኜ፣ በስሱ አልብሼ፣ እርጥብ ጆንያ ጣል አደረግኩበት። በሁለተኛው መደብ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የገዛኋቸው ሰላጣና ሐበሻ ጎመን ናቸው።

ውሃ ለሁለቱም በቀን አንድ ጄሪካን ይበቃል፤ ጠዋት በማለዳ። ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አትክልት የታጠበበት ውሃ አይደፋም። ሳሙና የነካው ብቻ ወደ ቦይ ይሄዳል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ቆስጣው በስምንት ቀኑ ወጥቷል። ካሮቱ ጭጭ።

ዛሬ ጠዋት አራት የሰላጣ ችግኝ ከአንገታቸው ተቆርጠው ተጋድመው አገኘሁ። በምላጭ የተቆረጡ ይመስላሉ። አልተበሉም፤ ተቆርጠው ተትተዋል። ይህ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል። በግንዱ ዙሪያ በጣቴ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር አደረግኩ። እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጠግቦ። አራት ሆነው ተገኙ። ከፍጉ ጋር ሳይመጡ አልቀሩም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቀለበት ቀለበት አድርጌ ቆርጬ ለተረፈው ችግኝ ሁሉ አንገትጌ አጠለቅኩለት፤ ግማሹን አፈር ውስጥ፣ ግማሹን ላይ። እማዬ "ለጎመን ኮሌታ" ብላ እስካሁን ትስቃለች።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ካሮት በአሥራ አምስት ቀኑ ወጣ! ፀጉር የመሰለ ነገር ነው። ጆንያውን አነሳሁ።

ሁለተኛው መደብ ግን ቢጫ ሆኗል። ውሃ አልጎደለበትም፣ ትል የለበትም። የታች ቅጠሎች ገርጥተዋል፣ እድገት ቆሟል። ጥፋቱ የኔ ሰጋቱራ ነው። ጥሬ እንጨት አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱታል፤ ለተክሉ አይተርፍም። ሰጋቱራ ላይ ላዩን ለእርጥበት ቢነሰነስ ብዙ አይጎዳም። ከሥሩ ጋር ሲቀላቀል ነው ጉዱ። ፍግ በባልዲ ውሃ ሦስት ቀን ዘፍዝፌ፣ ውሃውን አቅጥኜ በሳምንት ሁለቴ ማጠጣት ጀመርኩ። የግቢው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

እማዬ ለመደቦቹ ስም አውጥታለች። የመጀመሪያው "በኩር"፣ ሁለተኛው "የእንጀራ ልጅ"። ጽዱንም፣ አሸዋውንም፣ ጥሩውን ቦታም ለበኩሩ ሰጥቼ ይሄኛውን የበደልኩት እኔ ነኝ ትላለች። አልተከራከርኩም።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ህዳር ሲታጠን። በ1911 የህዳር በሽታ ከተማዋን ከመታ ጀምሮ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል። ከማለዳው ጀምሮ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ነው።

እኔ ግን ጆንያ ይዤ በየበሩ ዞርኩ። "ቅጠሉን አታቃጥሉት፣ ስጡኝ።" አንዳንዱ እንደ እብድ አየኝ። እማማ ደግሞ ጭራሽ አልተመቻቸውም። "ልጄ፣ በዛሬ ቀን ያላጠነ ቤት በሽታ ይጠራል።" ተደራደርን። አንድ እቅፍ ቅጠል በራቸው ላይ አጤስኩላቸው፣ ሦስት ጆንያ ለኔ ቀረ። ላስቲክና ጫማ ለይቼ የወጣልኝ ደረቅ ቅጠል የሁለቱንም መደብ ላይ ለማልበስ በቃ። ማታ ብርድ ነው፣ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ በቅጠል የተሸፈነ አፈር እርጥበቱን ይይዛል። ውሃ ማጠጣቱን በአንድ ቀን ልዩነት አደረግኩት።

ህዳር 22፣ እሁድ

ቃሌን ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው።

ናይትሮጅኑ ተስተካክሏል፤ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ነው። የእንጀራ ልጅ ግን አሁንም አያድግም። ሰላጣው ቀጥኖ ወደ ላይ ይንጠራራል፣ አንገቱን እንደሚያሰግግ ሰው። ሥራ ስለምውል ቀን ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ በ6 ሰዓት ወጣሁ። ከመደቡ 1 ሜትር ወርድ 65 ሳንቲ ሜትሩ ጥላ ውስጥ ነው። በ3 ሰዓት ደግሞ ሙሉ በሙሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በመስከረም ፀሐይ አናት ላይ ልትሆን ምንም አይቀራት። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ታህሳስ አጋማሽ ወደ ደቡብ እየወረደች ትሄዳለች። በመስከረም ግማሽ ሜትር የነበረው የአጥሩ ጥላ ዛሬ ሊሾው ላይ ሜትር ተኩል ደርሷል። በክረምት ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ያው አጥር ጥላ አይጥልበትም። የኔ ጠመኔ የአንዲት ቅዳሜን ጥላ ለክታ የዓመቱን ወሰነች። ለበጋ የሚሆን መደብ ከደቡብ አጥር ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት። ጣውላ ይቀየራል፣ ፍግ ይጨመራል፤ ግማሽ ቶን አፈር ግን በቅንድብ ጥቅሻ አይነሳም።

ለጊዜው ቀለም የተረፈበት ባልዲ አውጥቼ አጥሩን ኖራ የመሰለ ነጭ ቀባሁት። ብርሃን ትንሽ ይመልስ ይሆናል።

ታህሳስ 5፣ ቅዳሜ

ጾም ከገባ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። እማዬ "ይሄ ቆስጣ ለፋሲካ ነው እንዴ?" ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ዛሬ ቆረጥን። ቆስጣ አይነቀልም። ከውጭ በኩል ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ከሥራቸው ጠምዘዝ አድርጎ መሳብ ነው፤ ልቡ ከተተወ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከእያንዳንዱ ግንድ ሦስት ሦስት፣ ሠላሳ ስድስት ቅጠል። አንዳንዱ ከክንዴ ይረዝማል። ሲሰበር ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ከገበያ የሚመጣው ይህ ድምፅ የለውም፣ መንገድ ላይ ነው የሚያልቅበት።

አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነበረባቸው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ ባለፈው ሳምንት ረጭቼ በማግስቱ በንጹህ ውሃ አጥቤ ነበር፤ ቀንሷል።

ከድንች ጋር ተሠራ። ዘይቱ ከወትሮው ያነሰ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ የበዛ። አንድ ሳህን ለእማማ ሄደ። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም፤ ቆሎ ነበረበት፣ ከላዩ ደግሞ "ሻዩ ቆስጣ ሆነ?" የሚል መልእክት በማሙሽ አፍ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ገና አለፈ። በኩር ሦስተኛ ዙር ቆስጣ ሰጥቷል። ካሮቱ አውራ ጣት አክሏል፤ አንዱን ማሙሽ ሰርቆ ነቅሎ ሲበላ ተይዟል። የእንጀራ ልጅ ሁለት እፍኝ ጎመን ሰጥቶ ቆሟል።

ዛሬ አፈረስነው። ከአጥሩ 2 ሜትር ከ20 ተለክቶ አዲሱ ቦታ ተሰመረ። እማዬ ከበርበሬ ማስጫዋ ግማሽ ሜትር ለቀቀችልኝ፤ በምን ዋጋ እንደሆነ ገና አልነገረችኝም። አናጢው መጣ። በዚህኛው ዙር ሳይጠይቀኝ በየጎኑ መሐል ሞራሌ አቆመ፣ እኔም ሳልከራከር ከፈልኩ።

አፈሩን በዚያው ጄሪካን እየዛቅን አወጣነው። ማሙሽ ቆጣሪ፣ ደመወዙ ወደ ሁለት ብስኩት አድጓል። ሠላሳ አንድ ብሎ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ ሊሾውን አየ። ባዶ ነው።

"አርባ ነበር ያስገባነው" አለኝ። "ዘጠኙን ማን ወሰደው?"

ቅጠሉና ጭራሮው በስብሶ አፈር ሆኗል፣ የቀረውም ተጠቅጥቋል አልኩት። አላመነኝም። የጎመኑን ኮሌታዎች አንድ በአንድ እያነሳ ሥራቸውን ይፈትሻል።

ዘጠኝ ጄሪካን አፈር ጎድሎኛል። ሽሮ ሜዳ ያለችው ባልደረባዬ ግን ግንባታውን እስከ ወለል አድርሳዋለች፤ የላይኛው አፈር አልቋል። ነገ ላም አርቢዎቹ ጋ እወርዳለሁ።